በጸበል የወደቅኩበት የነርስ ፈተና

ሴት ገድለሃል ተብዬ የነርስ ፈተና ወደቅኩ።

ሴትየዋ ደህና ናት። የሞተች ዕለት ከእኔ ጋር በአንድ ታክሲ ነው ወደ ሰፈር የተመለሰችው። «መስኮት ዳር ካልሆንኩ ያቅለሸልሸኛል» ብላ እኔን መሐል አስገብታ አጣብቃኛለች።

የሞተ ሰው እንደዚህ ቦታ ሲመርጥ አይታችሁ ታውቃላችሁ?

ቆይ፣ ከመጀመሪያው ልንገራችሁ። ስክሮል እያደረጋችሁ የመጣችሁም ቁጭ በሉ። የዛሬው ውርደቴ በአንድ ትንፋሽ የሚያልቅ አይደለም።

ለማታውቁኝ፦ መገናኛ አካባቢ ባለ አንድ አነስተኛ የግል ሆስፒታል ውስጥ በሽተኛ በስትሬቸር እገፋለሁ። ከድንገተኛ ወደ ራጅ፣ ከራጅ ወደ ኦፕሬሽን ክፍል። ሊፍቱ ሲበላሽ ደግሞ ገፊነቴ ቀርቶ ተሸካሚ እሆናለሁ። ሊፍቱ ሁልጊዜ ነው የሚበላሸው።

ፊደል የቆጠርኩት ሠላሳን አልፌ ነው። ማታ ማታ ተምሬ፣ ጉልበቴ የማይገባበት የሕፃናት ዴስክ ላይ ተጣጥፌ፣ አሥረኛ ክፍልን ጨረስኩ። ከዚያ ነርሲንግ ተመዘገብኩ። የመጀመሪያው ቀን ክፍል ስገባ ልጆቹ አስተማሪ መስያቸው ብድግ አሉ። እኔም ደንግጬ «ተቀመጡ» አልኳቸው። እስከ ዛሬ ይስቁብኛል።

ይሳቁ። ግዴለም።

አንድ ነገር ልንገራችሁ። ዘግይቶ ማንበብ የጀመረ ሰው ከመጽሐፍ ጋር ያለው ፍቅር የጤና አይደለም። እናንተ በልጅነታችሁ ስለተማራችሁ ገጽ ትዘላላችሁ። እኔ የማተሚያ ቤቱን ስም ሳይቀር አነባለሁ። መጽሐፍ ያለውን እውነት ነው ብዬ ነው የምይዘው፤ ያላለው ደግሞ የለም።

ይቺ «ያላለው የለም» የምትለዋ ናት ጉድ የሠራችኝ።

የምንፈተነው የአዋቂዎች የውስጥ ደዌና የቀዶ ሕክምና ነርሲንግ ነው። የጽሑፍ ፈተናውን አልፌያለሁ። የቀረኝ የተግባሩ ነበር። የሆስፒታላችን ኃላፊ ደግሞ በግልጽ ነግሮኛል፦ «ቀዶ ሕክምና ክፍል አንድ የነርስ ቦታ አለ። በዚህ ዙር ካለፍክ ያንተ ነው። ካላለፍክ ለሌላ ሰው ነው፤ አልጠብቅህም።»

ሌላ ሰው የተባለችው ህይወት ናት። የጥናት ጓደኛዬ።

ህይወት እዚያው ካርድ ክፍል ትሠራለች፤ በዕድሜ ልጄ ትሆናለች። እሁድ እሁድ የካ አባዶ ኮንዶሚኒየም፣ እናቷ ቤት እናጠናለን። መጀመሪያ እኔ ሶፋው ላይ በሽተኛ ሆኜ እተኛለሁ፣ ከዚያ እንቀያየራለን። እናትየው ስትገባ ስትወጣ ቆም ብላ ታየኛለች።

«ዛሬ ደግሞ ምን ሆነ?»

«ዛሬ ስኳር ነው እማዬ።»

«ባለፈው እሁድ ኩላሊት አልነበረም እንዴ? ምስኪን፣ አላልፍለት አለ።»

ህይወት ትጠይቀኛለች፦ «ጋሼ፣ ኦፕሬሽን የምትገባ በሽተኛ መጣችልህ። ምን ታደርጋለህ?»

«ስሟን ከነአባቷ አረጋግጣለሁ። የምትቀደድበትን ቦታ አያለሁ። ፈቃድ መፈረሟን አያለሁ። አለርጂ፣ ሰው ሠራሽ ጥርስ፣ ቀለበት፣ የጥፍር ቀለም፣ ሽንት።»

«በአፍስ?»

«ከእኩለ ሌሊት ወዲህ ምንም። ምግብ የለም። ውሃ፣ ሻይ፣ ወተት፣ ጭማቂ የለም።»

«ጋሼ ሲሪየስሊ፣ አንተ ሮቦት ነህ።»

ይኸው ሮቦቱ።

የፈተናው ዕለት ሳይነጋ ተነስቼ እንጦጦ ጸበል ወጣሁ። ወረፋው ላይ ከፊቴ ማን ቆማለች? እትዬ ብርቄ።

እትዬ ብርቄ ፈረንሳይ ሰፈር አንድ ግቢ የምንኖር ጎረቤቴ ናት። ባሏ ሞቷል፣ ልጆቿ ክፍለ ሀገር ናቸው። የሐሞት ጠጠር ስላለባት ለኦፕሬሽን ተመዝግባ ቀጠሮ ትጠብቃለች። ምላሷ ግን ምንም አላመመውም።

«ዛሬ ወዴት ነሽ እትዬ ብርቄ?»

«ጉዳይ አለብኝ።»

«የምን ጉዳይ?»

«ጉዳይ ነዋ። አንተስ?»

«ፈተና አለብኝ።»

«እመቤቴ ትርዳህ» አለችና ፈገግ አለች።

ያን ጊዜ መጠርጠር ነበረብኝ። እትዬ ብርቄ በነጻ ፈገግ አትልም። እኔ አንድ ጣሳ ጸበል ጠጣሁ፣ እሷ ሦስት ጠጣች። ተሰነባበትን።

እንግዲህ ፈተናው ክፍል ገባሁ። አልጋ አለ። ጥግ ላይ ወንበር አለ፤ ወንበሩ ላይ ፈታኟ ሲስተር ሰብለ፣ እስክሪብቶ ይዛ። አልጋው ላይ ደግሞ ጋዋን ለብሳ፣ ፀጉሯን በሻሽ አስራ፣ ሆዷን ይዛ የምታቃስት በሽተኛ።

እትዬ ብርቄ!

ለተግባር ፈተና በሽተኛ ሆነው የሚተኙ ሰዎችን ከየሰፈሩ ይመለምላሉ። ለማንም አትናገሩ ተብለው ይምላሉ መሰለኝ። ለሐሞት ጠጠር ደግሞ ከእሷ የተሻለ ከየት ይመጣል? ሕመሙ ማስመሰል አያስፈልገውም።

«እንደምን አደሩ እናቴ፣ ዛሬ እርስዎን የምንከባከብ ነርስ ነኝ» አልኳት። ጠዋት ጠዋት በመስኮቷ «እትዬ ብርቄ፣ ውሃ መጣልሽ!» እያልኩ የምጮህባትን ሴትዮ።

«ደህና አደርክ የኔ ልጅ። ስምህን ማን ልበል?» አለችኝ። ምንም ሳይመስላት።

ሠራሁ። ስሟን ጠየቅኩ። ፈቃዷን አየሁ። ጥርሷ የራሷ መሆኑን አረጋገጥኩ፤ በዚህ ትንሽ ተቀየመች። ቀለበቷን አስወለቅኳት። ከዚያ ዋናው ጥያቄ ላይ ደረስኩ።

«ከእኩለ ሌሊት ወዲህ የበሉት ወይም የጠጡት ነገር አለ?»

«ኧረ የለም። ምንም አልቀመስኩም።»

የተሰጠኝ ወረቀት ላይም «በሽተኛዋ ጾሟን ናት» ይላል። ወረቀቱም አለ፣ እሷም አለች። ምልክት አደረግኩ። «በሽተኛዋ ለኦፕሬሽን ዝግጁ ናት» አልኩ፤ ድምፄን ወፈር አድርጌ።

«ጨረስክ?» አለች ሲስተር ሰብለ።

«ጨርሻለሁ።»

«የሚቀር ነገር የለም?»

«የለም።»

ሲስተር ወደ አልጋው ዞረች። «እናቴ፣ ጸበልስ ጠጥተዋል?»

የእትዬ ብርቄ ፊት በራ። ሥራው ተረሳ። «ጸበልማ ጠጥቻለሁ። ሦስት ጣሳ። ከእሱ ጋር እኮ ነው የጠጣነው፤ ሲያየኝ አልነበረ?»



ሲስተር ሰብለ ቀስ ብላ ወደ እኔ ዞረች። «አብራችሁ?»

ምን ልበላት? ክፍሉ ውስጥ መስኮት እንኳን አልነበረም፣ ልዘልበት።

«አንተስ» አለችኝ፣ «ቁርስ በልተህ ነው የመጣኸው?»

«የለም ሲስተር፣ ምንም አልቀመስኩም።»

ከአፌ ከወጣ በኋላ ነው ለራሴ የተሰማኝ። እሷ ግን ወዲያው ጻፈችው።

«እሺ» አለች። «ማደንዘዣ ተሰጣት። እንቅልፍ ወሰዳት። ሦስቱ ጣሳ ወደ ላይ ተመለሰና ሳንባዋ ውስጥ ገባ። ትንፋሽ አጥሯት ሞተች። ስትወጣ የሚቀጥለውን ተፈታኝ ጥራልኝ።»

እትዬ ብርቄ አማትባ ብድግ ብላ ተቀመጠች።

ዝም ብሎ መውጣት አንድ ነገር ነው። እኔ ግን ዝም ብዬ የምወጣ ሰው ብሆን ኖሮ እናንተ ይህን አታነቡም ነበር። ተከራከርኩ። «ሲስተር፣ ጸበል እኮ መጠጥ አይደለም። መጽሐፉ ውሃ ይላል፣ ሻይ ይላል፣ ወተት ይላል፣ ጭማቂ ይላል። ጸበል የሚል የለም። ወረቀታችሁም ጾሟን ናት ነው የሚለው።»

«ኦፕሬሽን የምናደርገው ወረቀቱን ነው?» አለችኝ።

ታክሲ ውስጥ፣ መሐል ተጣብቄ፣ እትዬ ብርቄን ጠየቅኳት። «ለምን ነገርሻት?»

«ስትጠይቀኝ ልዋሽ? ጸበል ጠጥቼ?»

እሺ ለዚህ መልስ ያላችሁ ኮሜንት ላይ አስቀምጡልኝ። እኔ እስከ ፈረንሳይ ድረስ አላገኘሁለትም።

ማታውኑ ቅሬታ ጻፍኩ። ሁለት ገጽ ሙሉ። ፈታኟ ከወረቀቱ ውጭ መጠየቋን፣ ጸበል በመማሪያ መጽሐፉ ከመጠጥ ያልተቆጠረ መሆኑን፣ በደሉን፣ ግፉን። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ስጽፈው ጣፈጠኝ። ዕድሜዬን ሙሉ ሌላ ሰው ነበር በእኔ ላይ የሚጽፈው።

እዚህ ገጽ ላይም ፖስት አድርጌው ነበር፤ ታስታውሱ ይሆናል። ግማሾቻችሁ «ትክክል ነህ ጋሼ» አላችሁ። ግማሾቻችሁ ሳቃችሁ። አንዱ «ጠላስ እህል ነው ወይስ መጠጥ?» ብሎ ጻፈ። አግጄዋለሁ።

ከዚያ ምስክር አስፈለገኝ። የንስሐ አባቴ ጋ ሄድኩ፣ አባ ኪሮስ ጋ።

«አባ፣ ጸበል ጾም ይፈታል?»

«አይፈታም።»

«ይኼንኑ ይጻፉልኝ።»

«ለማን?»

ነገርኳቸው። ጣታቸውን ጺማቸው ውስጥ ከተው እስከ መጨረሻው ሰሙኝ። ከዚያ «ለመቁረብ ስትዘጋጅ፣ ጠዋት ጸበል ጠጥተህ ትመጣለህ?» አሉኝ።

«ኧረ አባ፣ እንዴት ተደርጎ!»

«ለምን?»

ነጠላዬን አስተካከልኩ።

«ጠጥተህ፣ ምንም አልቀመስኩም ብለህ አትመጣም?»

ነጠላዬን እንደገና አስተካከልኩ።

«ቤተ ክርስቲያን እንኳን ጸበልን ከመጠጥ የምትቆጥርበት ቀን አላት። ሐኪሙም የሚቆጥርበት ቀን ይኖረዋላ። በል ሂድ፣ ቅዳሴ ልገባ ነው።»

ገባኝ። ቅሬታውን ግን አላነሳሁም። ነገር መግባትና ቅሬታ ማንሳት የተለያዩ ናቸው። እልህ የሚባል ነገር መሐላቸው ቁጭ ብሏል።

እንግዲህ በዚህ መሐል የእትዬ ብርቄ የእውነቱ የኦፕሬሽን ቀጠሮ ደረሰ። አስታማሚ የላትም። «አንተ ነርስ አይደለህ፣ ና ውሰደኝ» አለችኝ። ፈተና የጣለችኝ ሴትዮ ነርስ ብላ ጠራችኝ። ሄድኩ።

ጠዋት ታክሲ ውስጥ ቦርሳዋ ላይ ጠብታ አየሁ። ባዶ የፕላስቲክ ጠርሙስ አንገቱን አውጥቷል።

«እትዬ ብርቄ። ጠጥተሻል?»

«ምን?»

«ጸበል።»

«ለኦፕሬሽን እየሄድኩ ሳልጠጣ ልሂድ? ዛሬ ያልጠጣሁ መቼ ልጠጣ ነው?»

«አንቺ ራስሽ አይደለሽ እንዴ በዚህ ምክንያት ሞተሽ የነበረው?»

«እሱ ቲያትር ነው።»

«ሲስተር ያስረዳችውን አልሰማሽም?»

«የነገረችው አንተን ነው። ፈተናው ያንተ ነበር፣ የእኔ አይደለም።»

አስቡት። አልጋው ላይ ተኝታ፣ በጆሮዋ ሰምታ፣ አማትባ የተነሳች ሴት!

ሆስፒታል ደረስን። የተቀበለችን ነርስ ልጅ እግር ናት፤ ግን ሥራዋን የምታውቅ። «እናቴ፣ ምግብ፣ ውሃ፣ ጸበል፣ የተበጠበጠ እምነት፣ ከሌሊት ጀምሮ በአፍዎ የገባ ነገር አለ?» አለቻት። አንድ በአንድ፣ ሳትዘል።

እትዬ ብርቄ ቀና ብላ አየችኝ። ከዚያ ነርሷን አየቻት። «የለም።»

ጸበል ጠጥታ ዋሸች። አያችሁ? ያን ቀን ለሲስተር ብትዋሽልኝ ኖሮ ዛሬ ነርስ ነበርኩ።

«ጠጥታለች» አልኩ። «ጠርሙሱ ቦርሳዋ ውስጥ አለ።»

ነርሷ ሐኪሙን ጠራች። ሐኪሙ ሌላ ድንገተኛ ስለነበረበት ለሐምሌ መጀመሪያ አዲስ ቀጠሮ ሰጥቶ መለሳት። በመልሱ ጉዞ እትዬ ብርቄ ታክሲው ውስጥ የመጨረሻው ወንበር ላይ ተቀመጠች፤ እኔን ጋቢና አስቀመጠችኝ። ግቢ ስንደርስ ለሰው ሁሉ አወራች። «ራሱ ስለወደቀ እኔንም ጣለኝ።» ቧንቧው ጋ ስንገናኝ ፊቷን ታዞራለች። ውሃ መጣልሽ ብዬ ስጮህም ሰምታ እንዳልሰማች።

ይኼ ሁሉ ሆኖ እያለ ስልክ ተደወለ።

«ቅሬታዎ ተቀባይነት አግኝቷል። መጥተው ይውሰዱ።»

ወረቀቱ እንዲህ ይላል፦ «ፈታኟ ከተዘጋጀው ጽሑፍ ውጭ በመጠየቃቸው፣ እንዲሁም ጸበል በመማሪያ መጽሐፉ ከመጠጥ ዝርዝር ውስጥ ያልተካተተ በመሆኑ፣ ተፈታኙ እንዳለፉ ይቆጠር። ፈታኟም ማስጠንቀቂያ ይሰጣቸው።» ከታች ፊርማ። ማኅተም።

ደስ አለኝ። ምን እዋሻችኋለሁ? መገናኛ ድልድዩ ሥር ቆሜ ደጋግሜ አነበብኩት፤ የነርሱ ቦታ ገና አልተያዘም ነበር። ነጩን ጋዋን ለብሼ ቀዶ ሕክምና ክፍል ስገባ፣ ስትሬቸር ገፊው ሌላ ሰው ሲሆን፣ «ቀስ በል እንጂ ወንድሜ» ስለው ታየኝ።

ግቢ ገብቼ ለሁሉም አሳየሁ። ያ ነው ስህተቴ።

እትዬ ብርቄ ከቤቷ ወጣች። ለስንት ጊዜ ዘግታኝ የነበረችው፣ «ምን ይላል?» አለች።

እሷ ፊደል አልቆጠረችም። ኩራት ተሰማኝና ጮክ ብዬ አነበብኩላት። «ጸበል ከመጠጥ ዝርዝር ውስጥ ያልተካተተ በመሆኑ...»

«ድገመው።»

ደገምኩት።

«ማኅተም አለው?»

«አለው።»

«ይኸው!» አለች ግቢውን ሁሉ ዞራ እያየች። «መንግሥትም አለው እኮ። ሐምሌ ላይ ጠጥቼ፣ ይቺን ወረቀት ይዤ ነው የምሄደው። ያቺ ነርስ ትጠይቀኝ፣ አሳያታለሁ።»

ሳቅኩ።

ከዚያ ሳቄን ተውኩት። እትዬ ብርቄ እየቀለደች አልነበረም።

«እትዬ ብርቄ፣ ይኼ እኮ ስለ እኔ ፈተና ነው። ስለ አንቺ ሆድ አይደለም።»

«ጸበል አይልም?»

«ይላል፣ ግን—»

«መጠጥ አይደለም አይልም?»

«ይላል።»

«በቃ።»

ለህይወት ደወልኩላት። እሷ በዚያው ዙር አልፋለች። ሳቀች ሳቀችና «ጋሼ ቀላል ነው» አለች። «ሌላ ነገር አንብብላት። ሁለተኛ ወረቀት መጣ፣ ጸበል ክልክል ነው ይላል በላት። አታነብም አይደል?»

ቀላል ነበር። እውነቷን ነው።

ግን አንድ ነገር ልንገራችሁ። ፊደል ከመቁጠሬ በፊት፣ አባቴ እንጦጦ ጥግ ላይ የተወልን የባሕር ዛፍ ቦታ ነበር። አንድ የተማረ ዘመድ ወረቀት ይዞ መጣ። «የግብር ነው» ብሎ አነበበልኝ፤ ድምፁ ያምር ነበር። ጣቴን ቀለም ነክሮ አስፈረመኝ። የግብር አልነበረም። ዛሬ በዚያ ሳልፍ የማየው የሰው አጥር ነው።

ስለዚህ ለማታነብ ሴት የሌለ ነገር አላነብም። ጥሩ ሰው ስለሆንኩ አይደለም። ያን ሰውዬ መምሰል ስለሚያቅለሸልሸኝ ነው።

«ታዲያ ወረቀቱን አስቀይረው» አለች ህይወት፤ ለቀልድ ነበር። እኔ ሳልስቅ ስቀር ድምጿ ተለወጠ። «ጋሼ፣ የምርህን ነው? ከወደቅክ ቦታውን እኔ ነኝ የምወስደው። አሁኑኑ ልንገርህ፣ ኋላ እንዳትረግመኝ።»

«ውሰጂው።»

«እርግጠኛ ነህ?»

«አይደለሁም። ቶሎ ዝጊው ሳልለወጥ።»

በማግስቱ የፈተና ቢሮው ሄድኩ። መስኮቱ ላይ ያለው ልጅ ወረቀቴን አየና «እንኳን ደስ አለዎት» አለኝ።

«ቅሬታ ላስገባ ነው።»

«አሸንፈዋል እኮ።»

«አውቃለሁ። ተሳስታችኋል።»

«ቅሬታው በማን ላይ ነው?»

«በእኔ ላይ።»

«አቅራቢውስ?»

«እኔ።»

ልጁ ብድግ ብሎ ሌላ ሰው ጠራ። ሌላውም ሌላ ጠራ። አንዷ በርኅራኄ «ጋሼ፣ ጤንነትዎ እንዴት ነው? ቤተሰብ አብሮዎት መጥቷል?» አለችኝ። ሰው ሊያልፍ ሲለምን አይተው ያውቃሉ። ሊወድቅ ሲለምን አላዩም። ሒድ ና፣ ሒድ ና አሉኝ። ለማለፍ እንኳን እንደዚያ አልተመላለስኩም።

በአንዱ ቀን ኮሪደሩ ላይ ሲስተር ሰብለ አገኘችኝ። ማስጠንቀቂያዋ ደርሷታል። ፊቷ እንደ ፈተናው ዕለት ነው።

«ደግሞ ምን ፈለግክ?»

«ጸበል መጠጥ ነው ተብሎ ይጻፍልኝ።»

«እንደዚያ ከተጻፈ ትወድቃለህ።»

«አውቃለሁ።»

«ለእኔ ብለህ ከሆነ አያስፈልግም። ማስጠንቀቂያ አይገድልም።»

«ለእርስዎ አይደለም ሲስተር። ጎረቤት አለችኝ፣ የሞተችው።»

ወረቀቴን ከእጄ ተቀበለችና ወደ ውስጥ ገባች። ስትወጣ «በሚቀጥለው ዙር ከመጣህ፣ እኔ ከሆንኩ አልራራልህም» አለችኝ።

«አይራሩልኝ።»

ዛሬ ጠሩኝ። ወረቀቱን ተቀበልኩ። በቀጥታ ግቢ ገብቼ እትዬ ብርቄ ደጃፍ ላይ ቆሜ፣ ቃል ሳልጨምር ሳልቀንስ አነበብኩላት፦ «ጸበልን ጨምሮ በአፍ የሚወሰድ ማንኛውም ፈሳሽ እንደ መጠጥ የሚቆጠር በመሆኑ፣ ቀደም ሲል የተሰጠው ውሳኔ ተሽሮ፣ ተፈታኙ እንደወደቁ ይቆጠር።»

«ማኅተሙ የቱ ጋ ነው?»

አሳየኋት። በጣቷ ዳሰሰችው።

«የፊተኛውስ?»

«ተሽሯል።»

«ማነው ያሻረው?»

«እኔ።»

«አንተስ?»

«ወድቄያለሁ።»

ገብታ በርጩማ አወጣችልኝ። «ቂል ነህ» አለች፤ ግን ቀስ ብላ። «እሺ፣ ሐምሌ ላይ ሳልጠጣ እሄዳለሁ። ስመለስ ግን የቀረብኝን ሁሉ ነው የምጠጣው።»

«ስትመለሺ በርሜል ሙሉ ጠጪ።»

«ታስታምመኛለህ?»

«ማን አለሽ ሌላ?»

ህይወት ሰኞ ነጭ ጋዋኗን ለብሳ ቀዶ ሕክምና ክፍል ትገባለች። እኔ በሽተኛ እየገፋሁ አደርስላታለሁ። አልረገምኳትም፤ አንዳንዴ ብቻ፣ በልቤ።

እናንተ ትምህርቱ ምንድነው ትሉኝ ይሆናል። እኔ እንጃ። መጽሐፉ አይልም። ከእናንተ ውስጥ ግን የራሱን ውድቀት ለማግኘት ደጅ የጠና ሰው ካለ ይጻፍልኝ፤ ብቻዬን እንዳልሆን።

በራሴ ማመልከቻ፣ በፊርማና በማኅተም፣ በይፋ የወደቅኩት ሰኔ 24 ቀን ነው።